የፋይናል ፋንታሲ ውድቀት

ክፍል ሦስት፦ የአበባ መትከያዋ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው በ2009 መጨረሻ፣ ጃፓን ላይ ነበር። ሂሮኖቡ ሳካጉቺ በ1987 የወለዱት ጌም አባቱ ኩባንያውን ለቀው ከሄዱ በኋላ አሥራ ሦስተኛ ክፍሉ ላይ ደርሷል። ሥዕሉ ዓይን ያፈዛል። መንገዱ ግን ጠባብ ኮሪደር ነው፤ ተጫዋቹ እንደ ልቡ የሚሮጥበት ሜዳ የሚያገኘው አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ሲደርስ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያነጋገረ ያደገው የድሮ ወዳጅ ቅር አለው። ቢሆንም ገዛው። እኔ እንደማምነው የጌሙ ሠሪ ኩባንያ ስኩዌር ኢኒክስ የጠፋው እዚህ ላይ ነው፦ ሥዕሉ ካማረ ሌላው ጉድለት ይታለፋል ብሎ ደመደመ።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 አሥራ አራተኛው ክፍል ተከፈተ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱበት፣ ኤዮርዚያ የተባለ ዓለም ነው።

ተጫዋቹ ገባ። ጫካው ውብ ነው። ጥቂት እንደሄደ ግን ቅድም ያለፈውን ገደል መልሶ አገኘው፤ ወደፊት ሲገፋም ያው ገደል ጠበቀው። መሬቱ እየተቀዳ የተለጠፈ ነበር። ሰይፍ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ዕቃ መፈለጊያ የለም። ሌሎች ተጫዋቾች ያቆሟቸው ሻጮች ተደርድረዋል፤ የሚፈልገውን እስኪያገኝ አንድ በአንድ እየጠየቀ ይዞራል። አንድ ነገር በተጫነ ቁጥር ትእዛዙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ይሄ ነው፦ በአንድ ሙያ በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ከተጫወተ በኋላ የሚያገኘው የልምድ ነጥብ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 15 ሰዓት ሲሞላ ጭራሽ ይደርቃል። ጌሙን የወደደን ሰው ስለ ወደደ መቅጣት ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ የባለሙያ ድካም የት ገባ? አንዲት የአበባ መትከያ ውስጥ። ይህች መትከያ የተሠራችው የኮምፒውተር ሥዕል ከሚገጣጠምባቸው ትናንሽ ቅርጾች፣ ከ1,000 ያህል ፖሊጎን ነው፤ የአንድ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ከሚሠራበት ጋር እኩል። ማንም ዞር ብሎ የማያያት ዕቃ ከጀግናው እኩል የኮምፒውተሩን ጉልበት ትበላ ነበር። እንግዳ ጠርቶ፣ ወጡን ረስቶ መሶቡን ሲያስጌጥ የዋለ ቤት ይመስላል። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ድካማቸውን የት ማዋል እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ነው የጠፋው።

ዲሴምበር ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዮይቺ ዋዳ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ወርኃዊው ክፍያ ላልተወሰነ ጊዜ ቀረ፤ የፕሌይስቴሽን 3 እትሙም ተራዘመ። ፕሮዲውሰሩ ሂሮሚቺ ታናካ ከቦታው ተነሡ። በእሳቸው እግር የተተኩት በኩባንያው ሌላ ጌም፣ በድራገን ኩዌስት ሥራ ላይ የነበሩት ናኦኪ ዮሺዳ ናቸው።

የጠበቃቸው ምርጫ ከባድ ነበር። የተበላሸውን እየጠገኑ ቢቀጥሉ መሠረቱ አይችልም። ትተው እንደ አዲስ ቢጀምሩ፣ ከነጉድለቱ ያልከዱትን ተጫዋቾች ሜዳ ላይ መጣል ይሆናል። ዮሺዳ ሁለቱንም ያዙ፦ አሮጌውን በየጊዜው እያደሱ፣ በጎን ደግሞ አዲሱን ከመሠረቱ መገንባት።

አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ዓለም ምን ይሁን? ሰው አለበት፤ ወዳጅነት ተመሥርቶበታል። ዝም ብሎ ሰርቨሩን ማጥፋት ይቻል ነበር። እነ ዮሺዳ ግን ተጫዋቾቹ ውስጡ እያሉ፣ ዓይናቸው እያየ ዓለሙን ለማውደም ወሰኑ። ቀኑም ኖቬምበር 11 ቀን 2012 ሆነ።

ያን ዕለት ከኤዮርዚያ ሰማይ የወረደው ምን እንደሆነ በክፍል አራት እነግራችኋለሁ። ሳምንት ጠብቁኝ።

ይቀጥላል