ያረጀ ሞተር ብስክሌት ኃይሉ ሲደክም ምክንያቱን በተራ ስለ መመርመር

በየወረዳው የግብርና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ሞተር ብስክሌት ዱሮ በቅሎ ትሰጥ የነበረውን አገልግሎት ይሰጣል። የእርሻ ሠራተኛው ወደ ሩቅ ቀበሌ ደርሶ በስንዴው ላይ ዋግ የታየ እንደ ሆነ ለገበሬው በጊዜ የሚያስታውቀው በእርሱ ነው። ዋግ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ሞተሩ ደክሞ ሠራተኛው ከመንገድ የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአዝመራውም ጭምር ነው።

ያረጀ ሞተር ዳገት አልወጣ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው «ፒስተኑ አልቋል» ብሎ ሞተሩን ያስፈታል። ይህ ገንዘብን ያለ ጥቅም ማባከን ነው፤ ብዙ ጊዜ የድካሙ ምክንያት ከውጭ የሚገኝ ትንሽ ነገር ነውና። የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚሰጠው አራት ነገር ሲሟላለት ነው፤ ይኸውም ንጹሕ አየር፣ በልክ የሚፈስ ቤንዚን፣ በጊዜው የሚመጣ ብልጭታ፣ ሳያስተነፍስ አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር ነው። ምርመራውም ቀላሉንና ርካሹን አስቀድሞ በሚከተለው ተራ ሊደረግ ይገባል።

1ኛ፤ ከሞተሩ ውጭ ያለው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ በእጅ ማዞር ነው። እንደ ልብ ያልዞረ እንደ ሆነ ወይ ፍሬኑ ይዞታል፣ ወይ ካቴናው ከልክ በላይ ተወጥሯል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር እንደ ሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አልደከመም።

2ኛ፤ አየር። በበጋ አቧራ የሚሄድ ሞተር የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። የስፖንጅ ማጣሪያ በላምባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጥቂት የሞተር ዘይት ርሶ፣ ተጨምቆ ይመለሳል፤ የወረቀት የሆነ እንደ ሆነ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። «ያለ ማጣሪያ ይሻለዋል» ብሎ አውጥቶ መሄድ ግን ሲሊንደሩን በአሸዋ እንደ መሞረድ ነው።

3ኛ፤ ቤንዚን። ሞተሩ ጥቂት ሄዶ የሚጠፋ፣ የሰርባቶዮው ክዳን ሲከፈት ግን የሚነሣ እንደ ሆነ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ተደፍናለች። በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ውሃና ጉድፍ ይይዛል፤ ለብዙ ወራት የሰነበተውም እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ትቶ የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ በጥቂቱ ሲሳብ ሞተሩ የሚበረታ እንደ ሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ የሚብስበትና ጥቁር ጢስ የሚያወጣ እንደ ሆነ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ቀዳዳዎቹ በአየር ግፊት ይጠረጋሉ እንጂ በሽቦ አይጎረጎሩም፤ አንድ ጊዜ ከሰፉ አይመለሱምና።

4ኛ፤ ብልጭታ። ካንዴላ የሞተሩ ምስክር ነው። ጫፉ ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ሞተሩ ደኅና ይቃጠላል። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ የዘይት እርጥበት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን፣ ንጣት ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ መጋሉን ይመሰክራል። የጫፉም ክፍተት በብዙ ሞተር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

5ኛ፤ ጢስ መውጫ። ለእርሻ ሥራ ተብሎ እንደ ተሠራው እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል፤ ጢሱም መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ በየጊዜው ተፈቶ ይጠረግ። ኤጂ 200 ግን ባለ አራት ምት ስለ ሆነ በተለይ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል።

6ኛ፤ እመቃ። ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ብቻ እመቃው በመለኪያ ይለካል። በባለ አራት ምት ሞተር ልኩ ያነሰ እንደ ሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አፍስሶ እንደ ገና መለካት ነው። ልኩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ እንዳለ የቀረ እንደ ሆነ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያስተነፍሳል። ሞተር የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው።

የአገሩንም ከፍታ ማስተዋል ያስፈልጋል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከኃይሉ ከመቶ 10 ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። ከመተማ ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ ሞተር 2,000 ሜትር ያህል ስለሚወጣ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ቢያጣ በሽታ አይደለም። ካርቡራቶሩ ግን የቤንዚኑን ልክ በራሱ ስለማይቀንስ ካንዴላው ይጠቁራል፤ መድኃኒቱም የቤንዚኑን መርጫ በጠበበ መለወጥ ነው። ወደ ቆላ ሲመለስ የቀድሞው መርጫ ይመለስለት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይቃጠላል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ መዝገብ ቢያቆሙ፣ ለጥገናም ገንዘብ ከመፍቀዳቸው በፊት ስድስቱ ነገሮች በተራ መመርመራቸውን ቢጠይቁ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከብክነት ይድናል፤ የእርሻ ሠራተኛውም በዘርና በአጨዳ ወራት ከመንገድ አይቀርም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።