ስለ መስከረም 1993 ዓ. ም. ድልና ከአዳማ እስከ በቆጂ ስላለው መንገድ

አንድ ሊቅ በጉባኤ መካከል ቅኔ ተቀኝቶ ሰው ሁሉ ሲያደንቀው፥ ምስጋናው በእርሱ ራስ ላይ ብቻ ይወርዳል፤ በልጅነቱ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ሀ ሁ ያስቈጠሩትን የኔታን በዚያች ሰዓት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ የሰው ልማድ ነው፤ ዐይን ፍሬውን ያያል እንጂ ሥሩን አያይም፤ ሥሩ ከመሬት በታች ነውና። ነገር ግን ሥሩን መኰትኰት የረሳ ባለ ርስት ውሎ አድሮ ፍሬውንም ያጣዋል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጸው ያሰብነው ነገር ስለ ጨዋታና ስለ ሩጫ ቢሆንም፥ ቁም ነገሩ ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም።

በኤውሮፓውያን አቈጣጠር 2000 ዓመት በዓለም የስፖርት ታሪክ ብዙ የሚነገርለት ዘመን ነው። በሜዳ ቴኒስ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች በየዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች አሏቸው፤ እነርሱም በሜልቦርን፥ በፓሪስ፥ በለንደንና በኒውዮርክ የሚደረጉት ናቸው። በዚያ ዓመት ከወንዶች አንድሬ አጋሲ በሜልቦርን፥ ጉስታቮ ኩዌርተን በፓሪስ፥ ፒት ሳምፕራስ በለንደን፥ ማራት ሳፊን በኒውዮርክ አሸነፉ። ከሴቶችም ሊንዚ ዳቬንፖርት የሜልቦርኑን፥ ሜሪ ፒርስ የፓሪሱን ሲወስዱ፥ የለንደኑንና የኒውዮርኩን ቬነስ ዊልያምስ ለብቻዋ ጠቀለለቻቸው። ይህም ሳይበቃት፥ በዚያው ዓመት በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ብቻዋን ተጫውታ አንድ ወርቅ፥ ከታናሽ እኅትዋ ከሴሬና ጋራ ተጣምራ ደግሞ ሁለተኛ ወርቅ ተቀበለች።

ቴኒስ በብዙ አገር የባለጸጎች ጨዋታ ሆኖ የኖረ ነው። እነዚህ ሁለት እኅትማማቾች ግን ጨዋታውን የጀመሩት በካሊፎርኒያ ክፍል በኮምፕተን ከተማ፥ ለሕዝብ ሁሉ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ፥ ከገዛ አባታቸው እጅ ተምረው ነው። ያ ሜዳ ባይኖር ወይም በሩ ለድኻ ልጅ ቢዘጋ ኖሮ፥ ስጦታቸው ተሰውሮ በቀረ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በልብህ አኑርልን፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ያስፈልገናልና።

ያ ዘመን ለኢትዮጵያ የኀዘን ዘመን ነበር። ከኤርትራ ጋራ የተደረገው ጦርነት ብዙ ቤት አጕድሎ፥ ተኩስ ለማቆም በአልጀርስ የተፈረመው በሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ. ም. ነው፤ የሰላሙ ውል የተፈረመው ደግሞ በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ. ም. ነው። ሯጮቻችን ወደ ሲድኒ የሄዱት በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል፥ በየቤቱ ጥቍር ልብስ ገና ሳይወልቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ መስከረም ከሩቅ አገር የመጣው የምሥራች እንደ ተራ የጨዋታ ወሬ የተሰማ አልነበረም።

በመስከረም 15 ቀን፥ የመስቀል በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፥ የወንዶች የ10,000 ሜትር ሩጫ ሆነ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአራት ዓመት አስቀድሞ በአትላንታ ያሸነፈ ቢሆንም፥ በዚያ ዓመት የተረከዙ ጅማት ታሞበት ነበር። በመጨረሻው ዙር የኬንያው ፖል ቴርጋት ፈትለክ ብሎ ወጣ፤ ኃይሌም አልለቅህ ብሎ ተከተለው፤ በመጨረሻዎቹም እርምጃዎች ላይ አለፈው። የኃይሌ ጊዜ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፥ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ሆነ። አንድ ሴኮንድ ለመቶ ቢከፈል፥ በመካከላቸው የነበረው 9 እጅ ብቻ ነው። በዚያው በሲድኒ የ100 ሜትር ሩጫ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በ12 እጅ ተለያይተው ነበርና፥ ሜዳውን ሃያ አምስት ጊዜ የዞሩት ሁለቱ ሰዎች አንድ መቶ ሜትር ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ። አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ወጣ።

በመስከረም 20 ቀን ተራው የደራርቱ ቱሉ ሆነ። ደራርቱ በ1992 በኤውሮፓ አቈጣጠር በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ በወሰደች ጊዜ፥ ከጥቍር አፍሪካ ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ናት። ከዚያ በኋላ ሕመም አገኛት፤ በአትላንታ አራተኛ ሆነች፤ ልጅም ወለደች፤ ብዙ ሰው ዘመንዋ አለፈ ብሎ ነበር። በሲድኒ እንግሊዛዊቱ ፓውላ ራድክሊፍ ሩጫውን ለረጅም ጊዜ ስትመራ፥ ደራርቱ በትዕግሥት ከኋላ ቈየች፤ በመጨረሻው ዙር ግን ማንም ሊደርስባት በማይችል ፍጥነት ወጥታ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሴኮንድ ገባች። ይህን ርቀት በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርስዋ ሆነች። ጌጤ ዋሚ ሁለተኛ ወጣች፤ በ5,000 ሜትርም ሦስተኛ ሆና ሁለት ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። በዚያው በመስከረም 20 ቀን ሚሊዮን ወልዴ የወንዶችን 5,000 ሜትር በ13 ደቂቃ ከ35.49 ሴኮንድ አሸነፈ።

በማግሥቱ በመስከረም 21 ቀን የማራቶን ሩጫ ሆነ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ፥ በ1964 በቶኪዮ፥ ሻምበል ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ ካሸነፉ ወዲህ፥ ያ አክሊል ከኢትዮጵያ ወንዶች ርቆ 32 ዓመት ሆኖት ነበር። የ22 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ገዛኸኝ አበራ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ መለሰው፤ ተስፋዬ ቶላም ሦስተኛ ሆነ። ገዛኸኝ በሚከተለው ዓመት በኤድመንተን የዓለምን ሻምፒዮና በአንድ ሴኮንድ ብልጫ አሸንፎ፥ ሁለቱን የማራቶን ድሎች አንድ ላይ የያዘ የመጀመሪያው ወንድ ተባለ። እንግዲህ ከሲድኒ የተመለሰው ሁሉ ሲቈጠር 4 ወርቅ፥ 1 ብርና 3 ነሐስ ሆነ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ በአንድ ኦሊምፒክ ከሁለት ወርቅ የበለጠ አግኝታ አታውቅም ነበር።

አሁን አንባቢ ከእኛ ጋራ በሐሳቡ ወደ አዳማ ይውረድ። ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች፥ ባቡርና መኪና የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ምሥራቅ የሐረር መንገድ፥ ወደ ደቡብ የአርሲ መንገድ ይከፈላል። የአርሲውን መንገድ የያዘ ሰው በመልካሳ የአዋሽን ወንዝ ይሻገርና፥ ከቈላው ሙቀት እየወጣ በዴራ በኩል ወደ ስንዴው አገር ይገባል። ኢተያን ያልፋል፤ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ወደ ተቀመጠችው ወደ አሰላ ይደርሳል፤ ከዚያም በሳጉሬ አልፎ ወደ በቆጂ ይወጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብትል ነው፤ በቆጂ ግን ወደ 2,800 ሜትር ትደርሳለች። መንገዱ በሙሉ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ገዛኸኝ የኢተያ ልጅ ነው። ኃይሌ የተወለደው በአሰላ አጠገብ ነው። ደራርቱ የበቆጂ ልጅ ናት። ከአራቱ የሲድኒ ወርቆች ሦስቱ በጧት የተነሣ መኪና ከቀትር በፊት ከሚጨርሰው ከዚህ ከአንድ መንገድ ዳር የበቀሉ ናቸው ማለት ነው።

ይህ ከምን የመጣ ነው? ብዙ ሰው፥ ከአየሩ ነው ይላል። እውነት ነው፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት ቀዩን የደም ክፍል አብዝቶ ይሠራል፤ ስለዚህም ለረጅም ሩጫ ይበረታል። ደግሞም ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው፤ ኃይሌ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበረና፥ ደብተሩን በክንዱ አቅፎ ከመሮጡ የተነሣ ጐልምሶም ያን ክንዱን አጠፍ አድርጎ ይሮጥ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ደጋ በአርሲ ብቻ አይደለም፤ በሰሜን፥ በጎጃም፥ በወሎና በመንዝ እንደ በቆጂ ያለ፥ ከእርስዋም የሚበልጥ ከፍታ ሞልቷል፤ የእነዚያም አገሮች ልጆች ሩቅ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። አየር ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፥ ወርቁ በየተራራው በተለቀመ ነበር።

በበቆጂ የተጨመረው ነገር የኔታ ነው። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር በበቆጂ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ ከልጆቹ መካከል የሚፈጥኑትን እየለዩ፥ በማለዳ እየሰበሰቡ ማሠልጠን ጀመሩ። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለ፥ ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ ካለፉት መካከል ናቸው። በአዲስ አበባም እነዚህን ፍሬዎች ተቀብለው ለዓለም ያደረሱት ዋናው አሠልጣኝ ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ2016 በኤውሮፓ አቈጣጠር ዐረፉ። በኮምፕተን ክፍት ሜዳና የሚያስተምር አባት ተገናኙ፤ በበቆጂም ክፍት ሜዳና የሚያስተምር መምህር ተገናኙ። አገሩና ጨዋታው ተለየ እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው።

የዚህም ማስረጃ ከሲድኒ በኋላ ስምንት ዓመት ቈይቶ ታየ። በ2008 በቤይጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራቱም ወርቆች የቀነኒሳና የጥሩነሽ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 5,000ውንና 10,000ውን ሜትር አሸነፉ፤ ሁለቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። በ2012 በለንደን ማራቶንን ያሸነፈችው ቲኪ ገላናም ከዚያው ናት። ከሁሉም አስቀድሞ፥ በ1996 በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ የበቆጂ ልጅ ናት።

አሁን ደስ የማያሰኘውን ቍጥር እንናገር። ወርቃችን በሲድኒ 4፥ በአቴና 2፥ በቤይጂንግ 4፥ በለንደን 3 ነበር። ከዚያ ወዲህ በሪዮ 1፥ በቶኪዮ 1፥ በፓሪስም በ2024 ታምራት ቶላ በማራቶን ያገኘው 1 ብቻ ሆነ። ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ አንድ አንድ ወርቅ። ይህን የምንናገረው የሮጡትን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱ የሚችሉትን አድርገዋል፤ የሌላውም አገር ሕዝብ ተግቷል። ነገር ግን ጐተራው ሲጐድል አስተዋይ ገበሬ አጫጁን አይቈጣም፤ ወደ እርሻው ወርዶ ዘሩንና መሬቱን ይመረምራል።

በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ማሠልጠኛ የሚቀበለው የበቀለውን ነው፤ ዘሩ የሚዘራው በየቀበሌው ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ከሞጆ እስከ አዳማ፥ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እየሰፉ ናቸው፤ መስፋታቸውም የልማት ምልክት ነው። ነገር ግን ባዶ ቦታ በከተማ ሲታይ ለሁሉ ያማረ ነው፤ አንዱ ለሱቅ፥ አንዱ ለመጋዘን፥ አንዱ ለቤት ይለምነዋል፤ ሕፃናት ግን ማመልከቻ ጽፈው ወደ ጽሕፈት ቤት አይመጡም። ስለ እነርሱ የሚናገር ሹም ከሌለ ሜዳቸው ይሄዳል፤ የሄደ ሜዳ ደግሞ በቀላል አይመለስም።

ስለዚህ በየከተማው የተሾማችሁ ሆይ፥ የከተማው ካርታ በፊታችሁ በተዘረጋ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ የልጆችን ሜዳ በቀለም ክበቡት። የስፖርት መምህሩንም ሥራ እንደ ዕረፍት ሰዓት አትቍጠሩበት፤ የቀጣዪቱ ደራርቱ ስም በእርሱ መዝገብ ውስጥ ሳይኖር አይቀርምና። እናንተም በየደብሩ ሕዝብ የሚሰማችሁ ካህናት ሆይ፥ አባት ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለመዳር ምክር ሲጠይቃችሁ፥ ከሲድኒ ወርቅ ይዛ የተመለሰችውን የልጅ እናት አስታውሱት። ደራርቱ ከሩጫ ካረፈች በኋላም ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት የአገሪቱን የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርታለች፤ ሴት ልጅ የተማረችውና የደከመችበት ነገር በከንቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በውጭ አገር ጎዳናዎች የሚደረገው ሩጫ ዛሬ እንደ ቴኒሱ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፤ የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ መቀበሉ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ከሺህ ልጆች አንዱ ነው የሚያሸንፈው፤ የቀሩት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ፊደል ሳይዙ እንዳይቀሩ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው። ሜዳው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ይሁን የምንለው ስለዚህ ነው፤ ያልቀደመው ልጅ ወደ ክፍሉ ይመለሳልና።

የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር ዞሮ፥ ብርዱንና ረኀቡን ታግሦ፥ መሪጌታ በሆነ ጊዜ ጥምጣሙን ሁሉ ያየዋል። ከእርሱ በስተኋላ ያለችውን የየኔታን አነስተኛ ጎጆ ግን ማንም አያያትም። ይህች ጎጆ ከፈረሰች ከሃያ ዓመት በኋላ መሪጌታ አይገኝም። ከአዳማ እስከ በቆጂ ባለው መንገድ ዳር ያሉት ሜዳዎች የሩጫ የኔታ ጎጆዎች ናቸው፤ እነርሱን መጠበቅ የሚገባው ዛሬ፥ ወርቁ አንድ ሲሆን ነው እንጂ አንዱም ከጠፋ በኋላ አይደለም።