የአምባዛ ጫጩት የመጀመሪያ ጉርሻ

ለዓሣ እርባታ ኩሬ ቆፍሮ ውኃ መሙላት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኩሬው ከሞላ በኋላ «ጫጩቱ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ቀረሶ ለማርባት ላሰበ አርሶ አደር መልሱ ብዙም አያስቸግርም። ቀረሶ በኩሬው ውስጥ ራሱ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ትጠብቃቸዋለች። ጫጩቶቹ በለማ ኩሬ ውስጥ የሚገኘውን ጥቃቅን ሕይወት እየለቀሙ ያድጋሉ።

አምባዛ ግን እንዲህ አይደለም። በተፈጥሮው ክረምት ሲገባና ወንዙና ሐይቁ ሲሞላ፣ ውኃ ወዳጥለቀለቀው ሣራማ ዳርቻ ወጥቶ ይራባል። በኩሬ ውስጥ ይህን ሁኔታ ስለማያገኝ በቀላሉ አይራባም። ስለዚህ ጫጩቱ የሚገኘው በማስፈልፈያ ጣቢያ፣ እናቲቱን ሆርሞን በመውጋትና እንቁላሏን በእጅ ጨምቆ ከወንዱ ዘር ጋር በማዋሐድ ነው።

እንቁላሉ አይጠፋም። ለመራባት የደረሰች የ1 ኪሎ ግራም አምባዛ 100 ግራም እንቁላል ብትሰጥ፣ በ1 ግራም ወደ 700 እንቁላል ስለሚገኝ 70 ሺህ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። እንክብካቤው ከተጓደለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ጫጩት ያልቃል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው የውኃ ወይም የመኖ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ለአፉ የሚመጥንና ለሆዱ የሚስማማ መኖ አለማግኘቱ ነው።

ጨጓራ የሌለው ጫጩት

ገና የተፈለፈለ የአምባዛ ጫጩት ለ2 ወይም ለ3 ቀናት የሚመገበው ሆዱ ሥር የያዘውን አስኳል ነው። አስኳሉ ሲያልቅ ከውጭ መመገብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ጨጓራው ገና ሥራውን አልጀመረም፤ መሥራት የሚጀምረው ከ4 እስከ 5 ቀናት ከተመገበ በኋላ ነው። በዚህ መካከል የተፈጨ ደረቅ መኖ ብቻ ቢሰጠው በደንብ አይፈጭለትም። የማይበላው ዱቄትም ከገንዳው ሥር ተቀምጦ ይበሰብሳል፣ ውኃውን ያበላሻል፣ የተረፈውንም ጫጩት ይጨርሳል።

በእነዚህ ቀናት የሚያስፈልገው ትንሽ፣ ለስላሳና በውኃው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሕይወት ያለው መኖ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ማስፈልፈያዎች ለዚህ የሚጠቀሙት አርቴሚያ የተባለውን በጨዋማ ውኃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ነው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዓሣ ጫጩት ተስማሚ መኖ መሆኑ የታወቀው በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካና በኖርዌይ በተደረጉ ሥራዎች ነው። ዛሬ ቤታቸው ውስጥ ለጌጥ ዓሣ ከሚያረቡ ሰዎች አንሥቶ እስከ ትልልቅ ማስፈልፈያዎች ድረስ ይጠቀሙበታል።

አርቴሚያን ተፈላጊ ያደረገው እንቁላሉ ደርቆ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት መቻሉ ነው። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ላይ እንቁላሉ ይንሳፈፋል፤ ተሰብስቦ፣ ታጥቦና ደርቆ በቆርቆሮ ታሽጎ ለገበያ ይቀርባል። በ1 ግራም ውስጥ ከ200 ሺህ እስከ 300 ሺህ እንቁላል ይገኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ይህኛው ግን ጨዋማ ውኃ ውስጥ በገባ በአንድ ቀን መዋኘት ይጀምራል።

አፈለፋፈሉ

ሥራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የ2 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሥሩን ቆርጦ፣ ክዳኑን አጥብቆ በአፉ ዘቅዝቆ ማቆም ይበቃል። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይሟሟል፤ ይህም በሻይ ማንኪያ 5 ያህል ነው። 1 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት የተሻለ ይፈለፈላል። ከዚያ በ1 ሊትር ከ2 ግራም ያልበለጠ የአርቴሚያ እንቁላል ይገባበታል።

ከትንሽ የአየር ፓምፕ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ እስከ ፕላስቲኩ ታች ድረስ ወርዶ ውኃውን ያለማቋረጥ ማናወጥ አለበት። እንቁላሉ ሥር ከተኛ አየር አጥቶ ይበላሻል። መብራትም ሊበራለት ይገባል።

የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከ18 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። በደጋና በወይና ደጋ ያሉ ጣቢያዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ቅዝቃዜው ሲበረታ መፈልፈሉ ይዘገያል፣ የሚፈለፈለውም ያንሳል። ማሞቂያ ከሌለ ዕቃውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሙቀት በሚሰጥ አምፖል ሥር ማስቀመጥ ይረዳል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ውኃው ብርቱካናማ ሲሆን መፈልፈሉ ይታወቃል። ያን ጊዜ አየሩ ይዘጋል፣ የዕቃው ላይኛው ክፍል በጨርቅ ይሸፈናል፣ ከታች በኩል መብራት ይበራል። አርቴሚያዎቹ ብርሃን ስለሚከተሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ታች ይሰበሰባሉ፤ ባዶው ቅርፊት ከላይ ይንሳፈፋል። ያልተፈለፈለው እንቁላል ከሥር ስለሚዘቅጥ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ውኃ ይደፋል። የተሰበሰቡት አርቴሚያዎች በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ላይ በንጹሕ ውኃ ታጥበው ጨዋቸው ከተወገደ በኋላ ለጫጩቶቹ ይሰጣሉ። ቅርፊቱ ግን የጫጩቱን አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል አብሮ መግባት የለበትም።

አንዴ ከማብዛት ደጋግሞ መስጠት

አርቴሚያ የጨው ውኃ ፍጥረት በመሆኑ በጫጩቶቹ ገንዳ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ያልተበላው ሞቶ ውኃውን ያበላሻል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ ቀንም ሌሊትም ደጋግሞ መስጠት ይገባል። ከተፈለፈለ በኋላም በራሱ አስኳል ላይ ስለሚኖር ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የምግብ ይዘቱ ይቀንሳል። ወዲያው የማይሰጥ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይቻላል።

መጠኑን ለመገመት ቀላል ስሌት እንውሰድ። 10 ሺህ ጫጩት አለ፣ ለእያንዳንዱም በቀን 100 አርቴሚያ ይሰጣል እንበል። በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ከ1 ግራም እንቁላል 200 ሺህ ቢፈለፈል ለዚያ ቀን 5 ግራም ይበቃል። ጫጩቱ ሲያድግ ፍላጎቱ በየቀኑ ይጨምራል። በዚህ መልክ ከ5 እስከ 7 ቀናት ከተመገቡ በኋላ ፕሮቲን የበዛበት ደቃቅ ደረቅ መኖ እየተቀላቀለ ቀስ በቀስ ይለመዳል። አምባዛ እርስ በርሱ የሚበላላ ዓሣ ስለሆነ በየጊዜው ትልልቁን ከትንንሹ መለየትም አይዘነጋ።

አርቴሚያ በሌለበት

የአርቴሚያ እንቁላል ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ በተፈለገ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ የለማ ትንሽ ኩሬ ነው። ኩሬው ደርቆ ከጸዳ በኋላ የተብላላ ፍግ ተጨምሮበት በውኃ ሲሞላ በቀናት ውስጥ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። በውስጡም ባለሙያዎች ሞይናና ዳፍኒያ የሚሏቸው፣ ዘለል ዘለል እያሉ የሚዋኙ ደቃቃ ፍጥረታት ይራባሉ። እነዚህን በደቃቅ መረብ ሰብስቦ ለጫጩት መስጠት ይቻላል። ጫጩቱን እዚያው ኩሬ ውስጥ መጨመር ከተፈለገ ግን መዘግየት አያስፈልግም፤ ኩሬው በቆየ ቁጥር እንቁራሪትና ጫጩት የሚበሉ የውኃ ነፍሳት ይበዙበታል። የውኃ መግቢያውን በወንፊት መከለል፣ ዙሪያውንም ማጠር ያስፈልጋል።

በቬትናም ቪን ቻው በተባለ የጨው ማምረቻ አካባቢ አርሶ አደሮች ከአሜሪካ የመጣ አርቴሚያ በበጋ በጨው ማሳቸው ላይ እያረቡ እንቁላሉን ይሸጣሉ። አፍዴራን የመሰለ የጨው ሀብት ላለን ለእኛም ሊጠና የሚገባው ነው። ሆኖም ያው የአሜሪካ ዝርያ በሜዲትራኒያን አካባቢ ነባሩን አርቴሚያ ከብዙ ቦታ ስላስለቀቀ፣ ያለ ጥናት ወደ የትኛውም ውኃ መልቀቅ ተገቢ አይሆንም።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ አርሶ አደር ቆርቆሮ በማደል አይሳካም። ሌሊትና ቀን ተከታታይ ክትትል የሚጠይቅ በመሆኑ ማስፈልፈያ ጣቢያዎች ወይም በሚገባ የሠለጠነ አንድ የወጣቶች ማኅበር ቢይዙት ይሻላል። አርሶ አደሩ መረከብ ያለበት አደገኛውን ጊዜ ያለፈ፣ ደረቅ መኖ የለመደና በመጠን የተለየ ጫጩት ነው። የእንቁላሉ፣ የአየር ፓምፑና የመጠባበቂያ ባትሪው ግዥም ክረምት ሳይገባ ቢታቀድ ከመራቢያው ወቅት ጋር ይገጥማል።

የአምባዛ ጫጩት የሚረከብ ባለሙያ ወይም አርሶ አደር ቁጥሩን ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም። ዕድሜው ስንት ቀን ነው? ምን ሲበላ ቆየ? ደረቅ መኖ ለምዷል? ትልቁ ከትንሹ ተለይቷል? ለእነዚህ መልስ የሌለው 10 ሺህ ጫጩት፣ በደንብ ተመግቦ ካደገ 1 ሺህ ጫጩት ያነሰ ዓሣ ሊሰጥ ይችላል።