ባሕር የተሻገሩት የኖርዌይ ልዕልቶች

በመካከለኛው ዘመን ኖርዌይ ሰው የሚጠራው እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር። «ዳተር» ማለት ሴት ልጅ ነው። ስለዚህ «ሆኮንስዳተር» ሲባል «የሆኮን ልጅ» ማለት ነው። የንጉሥ ልጅ ብትዳርም የአባቷ ስም ከእሷ ጋር ይቆያል፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ከአገሯ ትወጣለች።

ክሪስቲን ሆኮንስዳተር የንጉሥ ሆኮን 4ኛ ልጅ ናት፤ በ1234 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ለወንድሙ እንድትዳርለት ጠየቀ። የአባቷን ታሪክ የሚተርከው ሳጋ እንደሚለው፣ ሆኮን የተስማማው ከንጉሡ ወንድሞች የምትወደውን ራሷ እንድትመርጥ ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው! በ1257 በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች፤ ከዚያም ፈረንሳይን አቋርጣ ስፔን ገባች። በ1258 ፌሊፔን መርጣ አገባች። አራት ዓመት ቆይታ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በሴቪያ ሞተች። መቃብሯ ዛሬም ኮቫሩቢያስ በምትባል ትንሽ ከተማ አለ።

የወንድሟ የልጅ ልጅ የማርጋሬት ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ማርጋሬት ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ሞተች። የእናቷ አባት የስኮትላንድ ንጉሥ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ቀድመውት ስለሞቱ፣ በ1286 እሱም ሲሞት ዙፋኑ ለትንሿ ልጅ ሆነ። በ1290 ለእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ ታጭታ በመርከብ ተላከች። ሙሽራው የስድስት ዓመት ልጅ ነበር! እሷ ግን ስኮትላንድ ሳትደርስ፣ በሰባት ዓመቷ ገደማ፣ በኦርክኒ ደሴቶች ሞተች። አስከሬኗ ወደ በርገን ተመልሶ በእናቷ አጠገብ ተቀበረ። ስኮትላንድም ያለ ወራሽ ቀረች፤ የዙፋን ክርክር ተነሣ፣ በ1296 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዲት ሴት «ማርጋሬት እኔ ነኝ» ብላ በርገን መጣች። በ1301 በእሳት አቃጠሏት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ የማየውን ሁሉ በመስመርና በነጥብ መሳል ይቀናኛል። የዚህን ቤተሰብ የዘር ሐረግ ስስል ነገሥታቱ አንድ ረድፍ ሆኑ። ወደ ሌላ አገር የሚወጡት መስመሮች ግን በአብዛኛው ከሴቶቹ ይነሡ ነበር።

የማርጋሬት አጎት ሆኮን 5ኛ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ልጁ ኢንገቦርግ ገና በአንድ ዓመቷ ለስዊድን መስፍን ታጨች፤ በኋላም ተዳረችለት። በ1319 አባቷ ሲሞት፣ የሦስት ዓመት ልጇ ማግኑስ የአያቱን ዙፋን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ስዊድኖችም አነገሡት። እናቱም፣ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት፣ በልጇ ስም አገር ከሚያስተዳድሩት ጋር ተቀመጠች።