ኦፔራ ሚኒ

ኦፔራ ሚኒ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚሠራ የድረ ገጽ ማሰሻ ወይም በተለምዶ ብራውዘር ነው። ያዘጋጀው ኦፔራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ነው። ክሮምን ከመሰሉ፣ ከስልኩ ጋር አብረው ከሚመጡ ማሰሻዎች የሚለየው ድረ ገጹን ሌላ ኮምፒዩተር አውርዶና አሳንሶ ወደ ስልኩ እንዲልክ በማድረጉ ነው። ይህ አሠራር ዳታ ይቆጥባል፤ በሌላ በኩል ግን ገጹ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲያልፍ ያደርጋል። ስለዚህ ማሰሻው መቼ እንደሚጠቅምና መቼ መተው እንዳለበት ለማወቅ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል።

ታሪክ

የኦፔራ ማሰሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዌዩ የቴሌኮም ድርጅት ቴሌኖር ውስጥ በተካሄደ የምርምር ሥራ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዮን ቮን ቴችነርና ጌይር ኢቫርሶይ ራሱን የቻለ ኩባንያ አቋቋሙ። ኦፔራ ሚኒ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 በኖርዌይ ለሙከራ ቀረበ፤ በጥር 2006 ደግሞ ለዓለም ሁሉ ተለቀቀ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ስልኮች ቁልፍ ያላቸው፣ አነስተኛ ማስታወሻና ደካማ አንጎለ ኮምፒዩተር የያዙ ስለነበሩ ሙሉ ድረ ገጽ መክፈት አይችሉም ነበር። ኦፔራ ሚኒ ከባዱን ሥራ ለሰርቨር በመተው ጃቫ በሚቀበሉ ተራ ስልኮች ጭምር ድረ ገጽ ማንበብ አስቻለ። በኋላም ለአንድሮይድና ለአይፎን ተዘጋጀ።

አሠራር

ተራ ማሰሻ አንድን ገጽ ለመክፈት ጽሑፉን፣ ሥዕሎቹን፣ ስክሪፕቶቹንና ማስታወቂያዎቹን ከተለያዩ ሰርቨሮች አንድ በአንድ ይጠይቃል። ኦፔራ ሚኒ ከፍተኛውን የቁጠባ ስልት ሲጠቀም ግን ስልኩ የሚገናኘው ከኦፔራ ሰርቨር ጋር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሙሉ በሙሉ ያወርዳል፤ ሥዕሎቹን በስልኩ ስክሪን ልክ ያሳንሳል፤ ስክሪፕቶቹን ለጥቂት ሴኮንድ ካሠራ በኋላ ያቆማቸዋል፤ ውጤቱንም በተጨመቀ መልክ ወደ ስልኩ ይልካል። ኩባንያው በዚህ መንገድ የዳታ ፍጆታን እስከ 90 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል ይገልጻል። ትክክለኛው ቁጠባ ግን እንደ ገጹ ይለያያል። ሥዕል የበዛበት የዜና ገጽ ብዙ ሲቀንስ፣ ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ብዙም አይቀንስም።

ለምሳሌ አንድ ገጽ 2 ሜጋባይት ቢመዝን በ100 ሜጋባይት ጥቅል 50 ገጾች ይከፈታሉ። ያው ገጽ ወደ 0.4 ሜጋባይት ቢወርድ በዚያው ጥቅል 250 ገጾች ማንበብ ይቻላል።

የግዕዝ ፊደልና ኦፔራ ሚኒ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ተካቷል። ሆኖም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በርካታ ስልኮች ፊደሉን ስላልያዙ በአማርኛ ጽሑፍ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይታዩ ነበር። ኦፔራ ሚኒ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መላ ነበረው። በማሰሻው ስውር የቅንብር ገጽ ላይ አንድ ምርጫ ሲበራ፣ ሰርቨሩ ስልኩ የማያውቀውን ፊደል ወደ ሥዕል ለውጦ ይልካል። ጽሑፉ ሥዕል በመሆኑ ግን የዳታ ፍጆታው ይጨምራል፤ ቃላቱንም መቅዳት አይቻልም። የዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ስለሚመጡ ይህ መላ አስፈላጊነቱ ቀርቷል።

በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ ያለው ጥቅም

የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ፣ ገደላ ገደልና ሸለቆ የበዛበት ነው። የሞባይል ሬዲዮ ሞገድ በተራራ ስለሚጋረድ፣ ከማማ ተቃራኒ ባለ ተዳፋት ወይም ሸለቆ ውስጥ ምልክቱ ይደክማል። ምልክት ሲደክም ከብዙ ሰርቨሮች ጋር በየተራ የሚገናኝ ማሰሻ ገጹን ከግማሽ ላይ ሊያቆም ይችላል። በአንድ ግንኙነት ትንሽ ዳታ ብቻ የሚቀበለው ኦፔራ ሚኒ ግን የተሻለ ዕድል አለው። ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ በገጠር ለሚኖር አንባቢ፣ በዳታ ጥቅል ለሚከፈት የንባብ ገጽ ይህ ትርጉም ያለው ቁጠባ ነው።

ማሰሻው የሚያግዘው ግን ደካማ መስመር ሲኖር እንጂ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ዳታ ቆጣቢ ማሰሻ መኖሩ ለውጥ አላመጣም።

የምስጢር ጥበቃ

በተራ ማሰሻ በተመሰጠረ ገጽ ላይ የሚጻፍ የይለፍ ቃል ከስልኩ እስከ ድረ ገጹ ሰርቨር ድረስ እንደተቆለፈ ይሄዳል። በኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ የቁጠባ ስልት ግን ገጹን የሚከፍተው የኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ፣ መልእክቱ እዚያ ተፈትቶ እንደገና ይመሰጠራል። ከስልኩ እስከ ኦፔራ፣ ከኦፔራም እስከ ድረ ገጹ ያለው መንገድ የተቆለፈ ቢሆንም መካከሉ ላይ ክፍት ነው። ኩባንያው ራሱም እምነት የሌለው ሰው ምስጢራዊ መረጃ በማሰሻው እንዳያስገባ መክሯል። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ፣ የኢሜይል ወይም የትምህርት መዝገብ የይለፍ ቃል ከመጻፍ በፊት ቁጠባውን ማጥፋት ወይም ሌላ ማሰሻ መጠቀም ይመረጣል። እንደ ቴሌብር ያሉ ራሳቸውን የቻሉ መተግበሪያዎች በማሰሻው በኩል ስለማያልፉ ይህ አይመለከታቸውም።

ስክሪፕቶች ሰርቨሩ ላይ ስለሚቆሙ አንዳንድ ገጾች በትክክል ላይሠሩ ይችላሉ። ቅጽ የሚሞላባቸው፣ ፋይል የሚጫንባቸውና ውጤት የሚታይባቸው ገጾች ለዚህ ይጋለጣሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወይም የምዝገባ ገጽ ባዶ ሆኖ ቢታይ፣ ውጤቱ የለም ከማለት በፊት ቁጠባውን አጥፍቶ እንደገና መሞከር ይገባል።

ሌሎች አማራጮች

ክሮም ተመሳሳይ የዳታ ቁጠባ ስልት ነበረው፤ ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አቋርጦታል። ፋየርፎክስ በአንድሮይድ ላይ ማስታወቂያ የሚያግዱ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ይቀበላል። ይህ መንገድ ማስታወቂያው እንዳይወርድ በመከልከል ዳታ ይቆጥባል፤ ገጹም በመካከለኛ ሰርቨር አያልፍም። ቁጠባው ከኦፔራ ሚኒ ቢያንስም ምስጠራውን አይነካም።

አሞካከር

አዲስ ማሰሻ ለመሞከር የቀድሞውን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። መተግበሪያው ከስልኩ ይፋዊ የመተግበሪያ መደብር ቢወርድ ይመረጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል የተቀየረ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም ተመሳሳይ ገጾችን በሁለቱም ከፍቶ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ እያንዳንዱ መተግበሪያ የወሰደውን ዳታ ማነጻጸር ይቻላል። አንድ ጊዜ የተከፈተ ገጽ በስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጥና በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ስለሚወስድ፣ ለንጽጽር የሚጠቅመው የመጀመሪያው አከፋፈት ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ለንባብ ኦፔራ ሚኒን፣ የይለፍ ቃል ለሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ሙሉ ማሰሻን በመያዝ ሁለቱንም ይጠቀማሉ።