እናትና የረጅም ርቀት ሩጫ፤ ከአርሲ ደጋ የሚቀሰም ትምህርት

«ልጆች አሉኝ፤ የመሥሪያ ቤት ሥራ አለኝ፤ ማታ ደግሞ የቤቱ ጣጣ ይጠብቀኛል፡፡ ለሩጫ ጊዜውንስ ጉልበቱንስ ከየት አመጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ የከተማ እናቶች ይሰማል፡፡ ደፍረው የጀመሩትም ቢሆኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርሱ ልባቸው ይዝላል፤ ርቀቱን ለመጨመር የሚያነሳሳቸው ነገር ያጣሉ፡፡ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚገኘው ከአሰላ በስተደቡብ፣ ገብስና ስንዴ ከሚመረትበት የአርሲ ደጋ፣ ከበቆጂ ነው፡፡

እንደሚታወቀው ረጅም ርቀት ለሴት አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን በዓለም ላይ ጸንቶ ኖሯል፡፡ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1981 ዓ.ም. መስከረም በሴኡል ነው፡፡ ከዚያ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ፣ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ሜየርን በትዕግሥት ተከትላ በመጨረሻው ዙር በመቅደም ወርቁን ወሰደች፡፡ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች፡፡ በ1988 ዓ.ም. ሌላዋ የአርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን አሸነፈች፡፡

ለእናቶች ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው፡፡ ደራርቱ ልጅ ወልዳ ከውድድር ከራቀች በኋላ ተመልሳ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፡፡ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች፡፡ በዚያ ውድድር እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እየደከመች ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ እንድትበረታ ታደፋፍራት እንደነበር በሰፊው ተነግሯል፡፡ ዘመዷ ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወልዳ በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ አግኝታለች፤ ከዚያም ርቀቱን ወደ ማራቶን ከፍ አድርጋ በመስከረም 2010 ዓ.ም. በቺካጎ አሸንፋለች፡፡

የደጋው ስስ አየር እንደሚረዳ አይካድም፤ ሆኖም ደጋ ላይ የሚኖር ሁሉ ሯጭ አይሆንም፡፡ በበቆጂ ትልቁ አነሳሽ ምሳሌ ነው፡፡ አንዲት ልጅ የሰፈሯ ልጅ ድል አድርጋ ስትመለስ ባየች ጊዜ «እኔስ?» ማለት ትጀምራለች፡፡ በማለዳ አብረዋት የሚወጡ ጓደኞችና እንደ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያለ የሚያበረታታ መምህር ሲገኙ ደግሞ ምኞቱ ልማድ ይሆናል፡፡

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው፡፡ ለጀማሪ ሩጫ ማለት መጣደፍ አይደለም፡፡ ከጓደኛ ጋር መነጋገር እስካልተቻለ ድረስ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፡፡ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ጥቂት መራመድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይበቃል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፡፡ ድካም ሲመጣ የቀረውን ርቀት ሁሉ ከማሰብ እስከሚቀጥለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብቻ ማሰብ ይጠቅማል፡፡ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ከጎረቤት ጋር መቀጣጠርም ብርድ ልብስ ውስጥ ከመቅረት ያድናል፤ ጓደኛ በር ላይ ስትጠብቅ መተኛት ያሳፍራልና፡፡ በንጋት ጨለማም ለብቻ ከመውጣት በቡድን መውጣት ይሻላል፡፡ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚካሄደው የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ጥሩ ግብ ሊሆን ይችላል፡፡

በቅርቡ የወለደች እናት ግን አትቸኩል፡፡ በእግር ጉዞ ጀምራ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ያህል ቆይታ፣ ሐኪም አማክራ መሮጥ ይገባታል፡፡ የምታጠባ ከሆነ ውኃና ምግብ እንዳይጓደልባት ያስፈልጋል፡፡

ባሎችም ድርሻ አላቸው፡፡ በሳምንት ሦስት ማለዳ ልጆቹን አጣጥቦ ቁርስ ማብላት ለአባት ከባድ ሸክም አይደለም፡፡ እናት ለጤናዋ የምትሰጠው ሰዓት ከቤተሰቡ የተሰረቀ ሰዓት ተደርጎ መታየት የለበትም፡፡ እናቷ ስትሮጥ ያየች ሴት ልጅ «እኔስ?» ለማለት ሩቅ መመልከት አያስፈልጋትም፡፡