ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፦ ከተማ ርካሽ ቤት እንዴት ያቅዳል?

ስለ ኮንዶሚኒየም ሲወራ ቀድሞ የሚታወሰው ዕጣ የወጣበት ቀን ነው፤ የዕድለኞች ዝርዝር፣ እልልታው፣ ስሙን ፈልጎ ያጣው ሰው ቅሬታ። ቤቱ ርካሽ ወይም ውድ የሚሆነው ግን በዚያ ቀን አይደለም። መሬቱ በምን መንገድ ተገኘ? የግንባታውን ገንዘብ ማን አበደረ? ክፍሎቹ ምን ያህል ሰፉ? የሚሸጥ ነው ወይስ የሚከራይ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲመለሱ ማን እንደሚገባበት፣ ማን ደጅ እንደሚቀር አብሮ ይወሰናል። ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ለጥያቄዎቹ ሦስት ዓይነት መልስ አይታለች፦ የቀጣሪ ድርጅት፣ የመንግሥት ኪራይና የባንክ ብድር።

ሥራና ቤት አብረው ሲመጡ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ጣቢያ ተተከለለት። ድሬዳዋ የተወለደችው ያኔ ነው። የባቡር ኩባንያው በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀይሶ፣ ዛፍ ተክሎ ከዚራ የተባለውን ሰፈር መሠረተ፤ ለሠራተኞቹም መኖሪያ ሠራ። በማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ በነጋዴውና በነዋሪው አቅም አደገች። በኩባንያው ሥርዓት መሬቱንም ግንባታውንም የሚችለው ቀጣሪው ስለነበር ሠራተኛው ከደመወዙ አጠራቅሞ ቤት መሥራት አይጠበቅበትም ነበር። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ቤቱ ከሥራው ጋር የተቆራኘ ነው፤ ለኩባንያው የማይሠራው ብዙኃን ደግሞ በራሱ ይወጣው ተብሎ ተትቷል።

የቀበሌ ቤት

ሁለተኛው መልስ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበረው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የኋለኛው ተቋም ስሙንና አደረጃጀቱን እየቀያየረ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል፤ በእጁ ያሉት ቤቶች የሚገኙትም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው።

አዋጁ ኪራይ ቀንሶ ለብዙ ቤተሰብ ጣሪያ አስገኝቷል። የቀበሌ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ በከተሞቻችን ከሁሉ የረከሰ መኖሪያ ነው። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ግድግዳ ለመጠገን እንኳን አልበቃም፤ አዲስ ቤት መሥራትማ የማይታሰብ ነበር። በግል ቤት ሠርቶ ማከራየትም ስለተከለከለ የከተማው ሕዝብ ሲጨምር የቤቱ ቁጥር አብሮ አላደገም። ኪራይን ዝቅ ማድረግና ቤትን ማብዛት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያስተማረን ይህ ዘመን ነው።

ኮንዶሚኒየም እንዴት ይሠራል?

ሦስተኛው መልስ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ባለቤቶች ሊኖሩ የሚችሉበትን ሕግ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አስቀመጠ። ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በአዲስ አበባ ገርጂ የሙከራ ግንባታ ተደረገ፤ ሥራው በመዲናዋ ከሰፋ በኋላ ድሬዳዋን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ለመገንባት፣ 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን ለማቋቋምና ለ200 ሺህ ሰው ሥራ ለመፍጠር ታቅዶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ጥናት እስከዚያ የተሠሩት ቤቶች 171 ሺህ ናቸው።

የዋጋው ቅናሽ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። በጨረታ ሲሆን አሸናፊው የሚለየው 80 በመቶ ባቀረበው ዋጋ፣ 20 በመቶ ደግሞ በሚከፍለው የቅድሚያ ክፍያ መጠን ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ያሸንፋል። በመንግሥት የጸደቀ የቤት ፕሮግራም ግን ቦታ የሚያገኘው በምደባ ነው። ስለዚህ ከተማው በጨረታ ሊያገኝ የሚችለውን ገቢ ትቶ ነው ቤቱን የሚያረክሰው። ይህ ድጎማ በበጀት መጽሐፍ ላይ ጎልቶ ባይታይም ከሁሉ ይከብዳል።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው። የከተማው አስተዳደር ቦንድ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንዱን ገዝቶ የግንባታውን ወጪ ይሰጣል። ቤቱ አልቆ ዕጣ ሲወጣ ባለዕድሉ 20 በመቶውን በቅድሚያ ይከፍላል፤ 80 በመቶውን ከዚሁ ባንክ በረጅም ጊዜ ብድር ይወስዳል። በዚህም የከተማው ዕዳ ወደ ቤተሰቡ ይዛወራል፤ ከተማው ነጻ ሆኖ ለሚቀጥለው ዙር ይበደራል። ገንዘቡ እንደ እቁብ ስለሚዞር አንዱ ካልከፈለ ቀጣዩ አይደርሰውም። ሕንፃ ሲጓተት ወይም ገዢ ሲጠፋ ወለዱ በከተማው ላይ እየቆጠረ ይሄዳል።

በመጨረሻ ንድፉ አለ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ናቸው፤ ከዚያ ካለፉ ሊፍት ያስፈልጋቸዋል። ብሎኬቱንና ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገጠመውን የወለል ቢም ያመረቱት የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታው ከወጪው በታች እንዲሸጥ፣ ልዩነቱን ሰፋፊዎቹ ቤቶችና በጨረታ የሚሸጡት የምድር ቤት ሱቆች እንዲሸፍኑት ታሰበ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ፤ ገዢው ለአምስት ዓመት መሸጥ ተከለከለ።

የአዲስ አበባ ልክ ለድሬዳዋ

ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙም አልተራመደም። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት በወጣበት ጊዜ በሌሎች ከተሞች ቆሞ ነበር። ምክንያት ተብለው የተጠቀሱትም የአስተዳደሮቹ አቅም ማነስ፣ የነዋሪው የመክፈል አቅም ዝቅተኛነትና የአካባቢው ሰው ንድፉን አለመውደዱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ መሬት እጅግ ውድ ስለሆነ ፎቅ ላይ መኖር ያዋጣል፤ ቦታው ረከስ ባለበት ከተማ ግን ሰው የራሱን ግቢ ይመርጣል።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አየሩ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። እዚህ ቤት ማለት አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት በረንዳ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ጫት የሚቃምበት፣ ቡና የሚፈላበት ግቢ ጭምር ነው። ለደጋ ከተማ የተሳለ ጠባብ ክፍል ነፋስ ካላሳለፈ ነዋሪው በግዢ ያተረፈውን በመብራት ይከፍለዋል። ስለዚህ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የበረንዳው ስፋትና የሕንፃው ጥላ የወጪ ጉዳዮች ናቸው።

ከአየሩ ይልቅ የከፋው ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከተራራው ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሺዎችን አፈናቀለ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የወንዝ ዳር ለድሃው የቀረበ ርካሽ ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ተፈናቃዮችም ከወንዙ ርቀው እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት እንደማይሠራም መናገር አለበት። በዋጋው የሚቀመስ ሌላ ቦታ ካላዘጋጀ ግን ክልከላው ብቻውን ድሃውን ወደ ሌላ ፈፋ ይገፋዋል።

ድሬዳዋ የሲሚንቶ እጥረት አለባት ማለት አይቻልም፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን በእርሷው ነው። ሆኖም ሲሚንቶ ከቤት ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ብረቱ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃው በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ቤት ፈላጊውም እየበዛ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፍቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጣና ተመሥርቷል። ለሥራ የሚመጣው ወጣት ደግሞ የሚፈልገው ዕጣ ሳይሆን በደመወዙ የሚከፍለው ክፍል ነው።

የጎደለው በር

ፕሮግራሙ ለባለቤትነት ብቻ መሆኑ ከሁሉ የከፋ ድክመቱ ነው። 20 በመቶውን ማግኘት ያልቻለ ድሃ ዕጣ ቢወጣለትም ቤቱን አይረከብም፤ የብድሩ ክፍያ የከበደው ደግሞ ቤቱን አከራይቶ እርሱ ወደ ርካሹ ሰፈር ይመለሳል። አዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. በቁጠባውና በብድሩ ድርሻ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ የቁጠባ ዓይነቶችን ስታወጣ ክፍተቱን ለማጥበብ ሞክራለች፤ ተመዝጋቢው ግን ከሚገነባው ቤት እጅግ በዛ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጣባቸው ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ሲሰረዝ፣ ዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ምን ያህል በአንድ ቀን ዕድል ላይ እንደተንጠለጠሉ ታየ።

ሌላ መንገድ አለ። የኦስትሪያዋ ቪየና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ቤት እየሠራች፣ ሳትሸጥ ማከራየት ጀመረች፤ ዛሬ የከተማው ንብረት የሆኑት ቤቶች ከ200 ሺህ በላይ ናቸው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪ ገደብ ተበጅቶለታል፤ ውሉም ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ተደርጓል። ይህ ተከራዩን ይጠብቃል፤ ቤት ግን አይጨምርም።

ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት ከተማ ስለሆነች የራሷን መንገድ መሞከር ትችላለች። ከምትሠራው ቤት የተወሰነውን ሳትሸጥ ለኪራይ ትያዝ፤ ኪራዩን የ1967ቱ ስሕተት እንዳይደገም ቢያንስ ጥገናውን በሚችል ልክ ትተምን፤ በነጻ ቀጣናውና በፋብሪካዎቹ የሚያተርፉ ቀጣሪዎችም እንደ ጥንቱ ባቡር ኩባንያ ከወጪው ድርሻቸውን እንዲያነሡ ትጠይቅ። ሁሉም ሰው የቤት ባለቤት የሚሆንበት ጊዜ ሩቅ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያድርበት ግን ዛሬ ማታ ያስፈልገዋል።